ለስሜን ተራሮች በየወሩ ሃምሳ ክሮነር
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ ኦስሎ፣ ቫይትቬት የቀረበ ንግግር)



ሰብሳቢያችን ሃያ ደቂቃ ሰጥተውኛል። የወጡ ሽታ ከወጥ ቤቱ መምጣት ስለጀመረ ላሳጥር እሞክራለሁ።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በነርስነቴ ነው። የደም ግፊት መለኪያውን ለምን ይዤ እንዳልመጣሁ የጠየቁኝ እናቶች አሉ፤ ለሚቀጥለው እሑድ ቀጠሮ ይዘናል። ዛሬ የቆምኩት ግን በአጀንዳችን ተራ ቁጥር አምስት ላይ ስላለው ጉዳይ ነው። ማኅበራችን ለስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ቋሚ የወር መዋጮ ይጀምር የሚለውን ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ስለሆንኩ ማስረዳቱም የእኔ ድርሻ ነው። ድምፅ የምንሰጠው ከምሳ በኋላ ነው።

ሐሳቡ ከተሰማ ጀምሮ በስልክም፣ በቲባነ ላይም፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅም የደረሰኝ ተቃውሞ አንድ ዓይነት ነው። «ወገናችን በዚህ ሁሉ መከራ ውስጥ እያለ ለዋልያና ለጭላዳ ገንዘብ እናዋጣ ትያለሽ?» ነው የሚሉኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዘልዬው አልሄድም። መጀመሪያ ግን አባልነት የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚሠራ ላንሣ፤ ምክንያቱም በየቀኑ በመካከሉ እየኖርን ብዙ ጊዜ አናየውም።

ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ሽቅብ ብትሄዱ ሊሎማርካ ጫካ ትደርሳላችሁ። በበረዶው ወራት አንድ ትልቅ መኪና በጫካው ውስጥ እየዞረ የበረዶ መንሸራተቻውን መንገድ ሲያስተካክል ያድራል። ጠዋት ልጆቻችን ከትምህርት ቤታቸው ጋር ሲወጡ መንገዱን ተዘጋጅቶ ያገኙታል። ቲኬት ቆራጭ የለም፣ በርም የለም፣ ዘበኛም የለም። ኮሙዩኑ ብቻ የሚሠራው የሚመስለን ብዙ ነን። የሚሠራው ሺፎሬኒንገን የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1883 የተመሠረተ ማኅበር ነው። ከመንግሥት በኩል ድጋፍ ያገኛል፤ መሠረቱ ግን ተራው ሰው በየዓመቱ የሚከፍለው የአባልነት መዋጮ ነው። አባል ያልሆነው የእኔ ልጅም በዚያው መንገድ ይንሸራተታል፤ ማንም «አንተ አልከፈልክም» አይለውም።

ከዚህ የሚሰፋው ደግሞ የኖርዌይ ቱሪስት ማኅበር፣ በተለምዶ ዴኤንቴ የሚባለው ነው። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1868 ነው። እኛ ያንን ዓመት የምናስታውሰው በመቅደላ፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ዕረፍት ነው። ዛሬ ከ300,000 በላይ አባላት፣ በመላ አገሪቱም ከ500 በላይ የተራራ ጎጆዎች አሉት። በብዙዎቹ ጎጆዎች ውስጥ ሠራተኛ የለም። አባሉ ጥቂት ማስያዣ ከፍሎ አንድ ዓይነት ቁልፍ ይወስዳል፤ በዚያች ቁልፍ የብዙውን ጎጆ በር ይከፍታል፤ ምግብ የተቀመጠበት ጎጆ ከገጠመው ከመደርደሪያው የፈለገውን አውጥቶ ይበላል፤ የበላውን ራሱ ጽፎ ይከፍላል። ይህን ለእናቴ በስልክ ስነግራት «ታዲያ ማን ይቆጥረዋል?» አለችኝ። ማንም አይቆጥረውም። «እንዴት ሳይዘረፍ ቀረ?» አለችና ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ግን ጥያቄዋ እውነተኛ ነው። ያልተዘረፈው ጎጆውን የራሱ አድርጎ የሚያይ ብዙ ሰው ስላለው ነው።

በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ስማቸውን አልናገርም፤ ሙያዬም አይፈቅድልኝም። ዕድሜያቸው ዘጠናን አልፏል፤ በአልጋና በተሽከርካሪ ወንበር መካከል ካልሆነ በቀር መንቀሳቀስ ካቆሙ ዓመታት ተቆጥረዋል። በየዓመቱ መጀመሪያ የዴኤንቴ የአባልነት ክፍያ ወረቀት ሲመጣላቸው ልጃቸውን ጠርተው ወዲያው ያስከፍላሉ። አንድ ቀን መድኃኒታቸውን እየሰጠሁ፣ ተራራ መውጣት እኮ አቁመዋል፣ ለምን ይከፍላሉ ብዬ ጠየቅኋቸው። በተራራው መንገድ ላይ ድንጋይ ላይ የሚቀባውን ቀይ «ቴ» ምልክት ታውቂዋለሽ ወይ አሉኝ። ጉም ሲወርድ መንገደኛውን ከገደል የሚያድነው እሱ ነው። ዝናቡና በረዶው ስለሚያጥበው በየጊዜው በዱግናድ የሚወጡ ሰዎች ደግመው ይቀቡታል። «እኔ የምከፍለው ለቀለሙ ነው» አሉኝና መድኃኒታቸውን ዋጡ።

እዚህ ላይ በስጦታና በአባልነት መካከል ያለውን ልዩነት ልብ በሉልኝ። ስጦታ የሚመጣው ልብ ሲነካ ነው። በየዓመቱ በጥቅምት በኖርዌይ ቴሌቪዥን የሚካሄደውን ትልቅ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ልጆቻችን ቆርቆሮ ይዘው በር እያንኳኩ ይለምናሉ፤ በአንድ ቀን ብዙ ይሰበሰባል። ጥሩ ነው። እኛም ባለፉት ዓመታት በእራት ግብዣና በጨረታ ሠርተንበታል። ነገር ግን በነርስነት ቋንቋ ልናገርና፣ ድንገተኛ ክፍል ለገባ ሰው ግሉኮስ መስቀል ሌላ ነው፤ የስኳር ሕመምተኛን ሃያ ዓመት በሕይወት ማቆየት ሌላ ነው። ስኳር በየቀኑ ነው። ፓርክም እንደዚያው ነው። ዘንድሮ አንድ ትልቅ ገንዘብ አግኝቶ ለሦስት ዓመት የሚረሳ ፓርክ፣ በሦስቱ ዓመት ውስጥ የሚታረሰው ይታረሳል፣ የሚቆረጠው ይቆረጣል።

አሁን ወደ አገራችን ልውሰዳችሁ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ከላሊበላ ጋር አብሮ ገባ። የመላው ዓለም መዝገብ ገና 12 ስም ብቻ በነበረበት ጊዜ ሁለቱ የእኛ ነበሩ። ቆይቶ ግን የዋልያው ቁጥር በመመናመኑ፣ እርሻና ግጦሽም ወደ ውስጥ በመግፋቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ። ከዚያ መዝገብ ለመውጣት ሃያ አንድ ዓመት ፈጅቶበታል፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በእነዚያ ዓመታት ብዙ የውጭ መንግሥታትና ድርጅቶች ረድተዋል፤ ፓርኩም ሰፍቶ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆኗል።

ከዚያስ? እ.ኤ.አ. በ2019 ያ ትልቅ እሳት ተነሣ። ፎቶውን በስልካችን እየተቀባበልን ያለቀስንበት ጊዜ ነው። ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። እነሱ እስኪደርሱ ድረስ ግን፣ ከደረሱም በኋላ፣ ገደል ለገደል እየሮጠ በቅጠልና በአፈር ሲያጠፋ የነበረው የአካባቢው ገበሬና ወጣት፣ የፓርኩም ጠባቂ ነው። ዓመት ሳይሞላ ኮሮና መጣ። ኮሮናው ሳያልፍ የሰሜኑ ጦርነት ተነሥቶ ውጊያው እስከ ደባርቅ አቅራቢያ ዘለቀ። እሱ ሲበርድ ከ2023 ወዲህ ያለው የክልላችን ግጭት ቀጠለ።

ቱሪስት በነበረበት ጊዜ ደባርቅ ከተማ ላይ ጠዋት የሚታየውን ታስታውሳላችሁ። አስጎብኚው፣ ስካውቱ፣ ምግብ አብሳዩ፣ በቅሎ ነጂው ተራ ይዞ ይጠብቃል። አንድ እንግዳ ለአራት ቀን ወደ ሳንቃ በርና ወደ ግጭ ሲወጣ ቢያንስ የአራት ቤተሰብ ጉሮሮ ይረጥባል። ያ ሰልፍ ተበተነ። ቱሪስት ሲቀር የቀረው የፓርኩ የመግቢያ ገቢ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ «ይህ ተራራ ቆሞ ቢቆይ ለእኔ ይጠቅመኛል» የሚል ሰው ቁጥርም አብሮ ይቀንሳል። በቅሎ ነጂው በቅሎዋን ሸጦ ከሰል ቢያከስል ማን ይፈርድበታል? የዋልያው ቁጥርም ዛሬ ከጥቂት መቶ አያልፍም፤ ከስሜን ውጭ ደግሞ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ በዱር አይገኝም።

የአባልነት ገንዘብ ዋጋው እዚህ ላይ ነው። የአባል ገንዘብ ቱሪስት መጣ ቀረ አይልም። መንገድ ተዘጋ፣ አውሮፕላን ቀረ፣ ኤምባሲው ማስጠንቀቂያ አወጣ አይልም። እዚህ ኦስሎ የተቀመጠ ሰው በየወሩ በ20ኛው ቀን ከሂሳቡ የሚቆረጥበት ገንዘብ፣ ተራራው ላይ እንግዳ በሌለበት ዓመትም ይቆረጣል። እንዲያውም በጣም የሚያስፈልገው ያኔ ነው። እኛ ደግሞ ለዚህ ከማንም ይልቅ የተመቸን ሰዎች ነን፤ ፓርኩን የምንወደው ለእረፍት ሳምንት አይደለም።

አሁን ወደ ተቃውሞው ልምጣ።

ለዱር እንስሳ ሲባል ሰው የከፈለውን ዋጋ እኔ ከመጽሐፍ አይደለም የማውቀው። እ.ኤ.አ. በ2016 ከፓርኩ መሀል ከግጭ መንደር ተነሥተው ደባርቅ ከሰፈሩት ከ400 በላይ ቤተሰቦች አንዱ የአክስቴ ቤት ነው። አክስቴ ገብስ የምታበቅል፣ በግ የምታረባ፣ ብርዱን እንደ ወዳጅ የለመደች ሴት ነበረች። ከተማ ላይ ቤት ሠርታለች፤ ልጆቿ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ቀርቧቸዋል፤ ይህንንም ራሷ ትናገራለች። ግን ባለፈው በስልክ «ልጄ፣ ዋልያው ሣሩን አገኘ፤ እኔ ጎተራዬን አጣሁ። አሁን ደግሞ እናንተ ፈረንጅ አገር ሆናችሁ ለዋልያው ልታዋጡ ነው አሉ» አለችኝ። ዜናው ከእኔ በፊት ደርሷታል ማለት ነው። እንዴት እንደደረሳት አላውቅም፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ግን ቀጥታ መስመር ያለው ሰው እንዳለ እጠረጥራለሁ።

ለአክስቴ የሰጠሁትን መልስ ለእናንተም እሰጣለሁ። ይህ መዋጮ ለዋልያው ብቻ ከሆነ እኔ ራሴ አልፈርምም። አቅርቤ ያለሁት ሐሳብ የሚሰበሰበው ገንዘብ እኩሌታው በፓርኩ ዳር ለሚኖረው ሰውና ከፓርኩ ለተነሣው ቤተሰብ ይሁን የሚል ነው። ይህን የምለው ለማባበል አይደለም። በፓርኩ ዳር ያለው ሰው ያልተካፈለበት ጥበቃ ዕድሜ እንደሌለው የራሳችን ታሪክ ስለሚያሳይ ነው።

ደግሞም ሰውና አውሬ እንደምናስበው ሁልጊዜ የተቆራረጡ አይደሉም። አንድ ምሳሌ ከሙያዬ ላምጣ። ቀይ ቀበሮን ታውቁታላችሁ። በዓለም ላይ የቀሩት ዐዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ናቸው፤ ሁሉም እኛ አገር ናቸው፤ አብዛኞቹ በባሌ፣ ጥቂቶቹ ደግሞ በስሜን፣ በመንዝና በሌሎች ደጋዎች። በባሌ በተደጋጋሚ የፈጃቸው ጥይት አልነበረም፤ ከእረኛው ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የሚሠራው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም፣ በውጭ አገር ሰዎች ልገሳ ጭምር፣ ዋና ሥራው ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ የመንደር ውሾችን መከተብ ነው። አሁን እኔ እንደ ነርስ ልጠይቃችሁ። ያ የተከተበ ውሻ የማንን ልጅ ነው የማይነክሰው? ቢነክስስ የማን ልጅ ነው የሚተርፈው? የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ይህን በሕክምና ትምህርት ቤት ከመማሬ በፊት በልጅነቴ በመንደራችን አይቼዋለሁ፤ ዝርዝሩን በምሳ ሰዓት አልነግራችሁም። አንድ የክትባት ጠብታ ቀበሮውንም፣ በጉንም፣ ሕፃኑንም ያድናል። ይህ ገንዘብ «ለሰው» ነው ወይስ «ለአውሬ»? እኔ መለየት አልቻልኩም።

ሌላው የሚባለው «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ እኛ ዘንድ አባል ሆኖ ለተራራ መክፈል የለም» የሚለው ነው። አለ። ከእኛ አገር ብዙም ሳይርቅ፣ ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ላይ ጓሳ የሚባል ደጋ አለ። ሥርዓቱ ቀሮ ይባል ነበር፤ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ ይነገራል። ጓሳው ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ የሚሆን ነው። የሚጠቀሙት መንደሮች አለቃ መርጠው ቦታውን ለዓመታት ይዘጉታል፤ በዚያ ጊዜ ማንም አይግጥም፣ ማንም አያጭድም። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈታል፤ ሁሉም በድርሻው ያጭዳል፤ ሐምሌ አቦ ሲደርስ ደግሞ ይዘጋል። የጣሰ ይቀጣል። ሰው ድርሻ ያለው ስለሆነ ራሱ ይጠብቀዋል፤ ዘቡም፣ ተጠቃሚውም፣ ዳኛውም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የመሬት አዋጁ ሲመጣ ይህ ሥርዓት ፈረሰ፤ ቦታው የሁሉም ሲሆን የማንም ሆነና ሣሩ ተጎዳ። ቆይቶ የመንዝ ሰዎች ራሳቸው ኮሚቴ አቋቁመው፣ ሕግ አስይዘው፣ እንደገና አነሡት። ዛሬ ጓሳ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖርበት የሕዝብ ጥብቅ ቦታ ነው። ዴኤንቴ ሳይወለድ ከ200 ዓመት ገደማ በፊት እኮ ነው የምናወራው። እንግዲህ እኛ የጎደለን ልማዱ አይደለም።

ለነገሩ አዲስ አበባ ላይም የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና ተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በአባላት የቆመ ማኅበር ነው፤ የሚያሳትመው የምርምር መጽሔትም ስሙ «ዋልያ» ነው። ከነሱ የምንማረው ብዙ አለ፤ ሐሳቡ ከጸደቀ ልንጽፍላቸው እንችላለን።

እንግዲህ ወደ ቁጥሩ። ያቀረብኩት በወር 50 ክሮነር ነው። ተማሪ ወይም ገና ሥራ ያላገኘ ሰው 20 ይክፈል። ቫይትቬት ሴንተር ላይ አንድ ቡናና አንድ ቦለ ከዚህ በላይ ነው። ከእኛ መካከል 70 ሰው ሃምሳ ሃምሳ ቢፈርም በወር 3,500፣ በዓመት 42,000 ክሮነር ይሆናል። ፓርክ አያስተዳድርም። ማስተዳደርም የእኛ ሥራ አይደለም፤ የመንግሥት ነው። ስለዚህም ለማንም ደመወዝ አንክፈል እላለሁ። ደመወዝ ጀምረን አንድ ዓመት ብናቋርጥ ቤተሰብ ሜዳ ላይ ይቀራል፤ መንግሥትም «ዲያስፖራው ይከፍላል» ብሎ እጁን ይሰበስባል። መኪናም አንግዛ፤ መኪና የምንገዛላቸውን ነገር ሁሉ ውሎ አድሮ ጎማ ሲያጣ አይተናል። በእኔ ሐሳብ ለጠባቂዎቹ የሚሆነው እኩሌታ ለዝናብ ልብስ፣ ለጫማ፣ ለባትሪና ለመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን ይዋል። ከ3,500 ሜትር በላይ ሌሊት በዝናብ ለሚያድር ሰው ደረቅ ካልሲ ምን ማለት እንደሆነ ብርድ የሚያውቅ ይነግራችኋል። ሌላው እኩሌታ ለውሻ ክትባትና ከግጭ ለተነሡ ቤተሰቦች ልጆች የትምህርት ቁሳቁስ ይሁን። የእኔ ድርሻ ደግሞ፣ ለስካውቶቹና ለበቅሎ ነጂዎቹ የሚሆን የመጀመሪያ እርዳታ ትምህርት በአማርኛ አዘጋጅቼ በስልክ ቪዲዮ እሰጣለሁ፤ ስብራት ማሰር፣ ብርድ የመታውን ማሞቅ፣ ከፍታ የሚያሳምመውን ሰው ቶሎ ወደ ታች ማውረድ። ለዚህ ክሮነር አያስፈልገኝም።

አሰባሰቡ በአቭታለጂሮ ይሁን። በቪፕስ በየወሩ «እባካችሁ» እያሉ መላክ ገንዘብ ያዣችንን ያሰለቻል፤ ከፋዩንም ያሳፍራል፤ ስድስት ወር ሳይሞላም ይቆማል። አንዴ ፈርሞ መርሳት ይሻላል። የመርሳትም አደጋ አለው፤ የረሳ ሰው አይጠይቅም። ስለዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሰኔና በታኅሣሥ፣ ለእያንዳንዱ ከፋይ ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ማን ተረከበ የሚል አንድ ገጽ ከደረሰኝ ፎቶ ጋር ይላክ። የተለየ የባንክ ሂሳብ ይከፈት፤ ከእድራችንና ከአዳራሽ ኪራያችን ገንዘብ ጋር አይቀላቀል። እዚህ አገር የገንዘብ ማሰባሰቢያ ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው ኢንሳምሊንግስኮንትሮለን ከሚሰበሰበው ቢያንስ 65 በመቶው ለዓላማው እንዲውል ይጠይቃል። እኛ ቢሮ የለንም፣ ሠራተኛ የለንም፤ ከባንክ ማስተላለፊያ በቀር ወጪ የለንም። ስለዚህ ከዘጠና በመቶ በታች ብንወርድ ጠይቁን።

የግብር ቅናሽ ያስገኛል ወይ ያላችሁኝ አላችሁ። አያስገኝም። ለስጦታ የግብር ቅናሽ የሚሰጠው በግብር መሥሪያ ቤቱ ለጸደቁ ድርጅቶች ብቻ ነው፤ እኛ አይደለንም። ይህን አሁን የምናገረው የግብር ወረቀታችሁ ሲመጣ እንዳትፈልጉኝ ነው።

የአባሉ መብት ምን ይሆናል? የከፈለ ሁሉ፣ 20ም ይክፈል 50፣ ስለ ገንዘቡ አዋዋል አንድ ድምፅ ይኑረው። በፈለገ ጊዜ ያለ ምክንያት ይውጣ። ሰሌዳ ላይ ስም መለጠፍ፣ የወርቅ አባል የብር አባል ማለት እዚህ ውስጥ አይግባብን፤ ያ ነገር ማኅበሮችን ሲያቃቅር አይተናል። ልጆች ግን በራሳቸው ስም ቢመዘገቡ ደስ ይለኛል። የእኔ ልጅ ስለ ዋልታ ድብ የሚያውቀውን ያህል ስለ ዋልያ አያውቅም። በስሙ ሪፖርት ሲመጣለት ቢያንስ ያነበዋል፤ አማርኛው ካቃተው እኔ አነብለታለሁ።

አንድ የቀረኝ ከባድ ነገር አለ። አገር ባልተረጋጋበት ጊዜ ገንዘብ መላክ ይቻላል ወይ፣ በማን እጅ ይደርሳል? ለዚህ አቋራጭ የለኝም። ደባርቅ ላይ የተመዘገቡ የአስጎብኚዎች፣ የስካውቶችና የበቅሎ አከራዮች ማኅበራት አሉ፤ ሥራው ቢቀዘቅዝም ሰዎቹ አሉ። ገንዘቡ ለግለሰብ ኪስ ሳይሆን ሕጋዊ የባንክ ሂሳብ ላላቸው ማኅበራት፣ በሦስት ሰው ፊርማ ብቻ እንዲወጣ ተደርጎ ይላክ። መንገድ በተዘጋበት ወር እዚሁ ሂሳባችን ላይ ይቆይ፤ አይቸኩልም። የቆየ ገንዘብ አይበላሽም፤ በቆየበት ምክንያት ግን ሪፖርት ይደረግ። የትኛውም ወገን የእኔ ነው እንዳይለው ከዕቃና ከክትባት ውጭ ለምንም አይዋል። ይህ ሁኔታ በውሳኔያችን ላይ በጽሑፍ ካልሰፈረ እኔም ከሐሳቤ ላይ ስሜን አነሣለሁ።

አክስቴን ትናንት ማታ ደወልኩላት። ለልጆቹ ደብተርና ለውሾቹ ክትባትም እንደሚሆን ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና «ውሻውንስ ማን ይዞ ያስከትበዋል? የግጭ ውሻ እንግዳ አያስጠጋም» አለችኝ። ይህም መታሰብ ያለበት ነገር ነው፤ የክትባቱ ቀን ሲወጣ የመንደሩ ልጆች አበል ተከፍሏቸው ውሾቹን የሚያሰባስቡበት መስመር በበጀቱ ላይ ጨምሬያለሁ፤ ተራ ቁጥር ሰባት ላይ ታገኙታላችሁ።

የመመዝገቢያው ቅጽ ገንዘብ ያዣችን ጠረጴዛ ላይ፣ ከቡናው ረከቦት አጠገብ አለ። ሐሳቡ በድምፅ ካልጸደቀ ቅጹ ይቀደዳል፤ ስለዚህ የባንክ ሂሳብ ቁጥራችሁን ከምሳ በፊት አትጻፉ። ጥያቄ ያላችሁ እጅ አውጡ፤ ካልሆነም በምሳ ላይ አግኙኝ።